ማታ ማታ የሚደክም የቤት ኢንተርኔት፦ ጥፋቱ ከየት በኩል ነው?

ጥያቄ፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። ከዓመት በፊት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት የሚል የፋይበር ኢንተርኔት አስገብተናል፤ ክፍያውንም በየወሩ ሳናዛንፍ እንከፍላለን። ጠዋትና ቀን ምንም አይልም። ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ግን ቪዲዮ ይቆማል፣ ጀርመን ካለችው እህቴ ጋር ስናወራ ድምፅ ይቆራረጣል፣ የልጄ የትምህርት ገጽ አይከፈትም። ሦስት ጊዜ ለድርጅቱ ደወልኩ። ሁለት ጊዜ ‹መሣሪያውን አጥፍተው ያብሩት› ተባልኩ። በሦስተኛው ቴክኒሻን ቀን መጥቶ ለካና ‹ከእኛ በኩል ችግር የለም› ብሎ ሄደ። አቅራቢ ልቀይር ወይስ ከፍ ያለ ፓኬጅ ልግዛ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ ሁለቱንም ለጊዜው ያቆዩአቸው። ከጻፉልኝ ሁሉ ትልቁ መረጃ «ማታ ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት» የሚለው ነው፤ ቴክኒሻኑም የሳተው እሱኑ ነው። ዋሽቶዎታል አልልም፤ በዚያች ሰዓት መለኪያው ላይ ያየው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ ማታ ማታ የሚነሣበትን ታማሚ ቀን ለክቶ «ደኅና ነህ» ብሎ መሸኘት ግን ሕክምና አይባልም። ለአሥራ ሁለት ዓመታት መስመር ስዘረጋና ስጠግን ደጋግሜ ያየሁት ይህንን ነው፤ ደንበኛውም ድርጅቱም እውነታቸውን ነው፣ የሚለኩት ግን በተለያየ ሰዓትና በተለያየ ቦታ ነው።

አስቀድመን ቁጥሩን እናጥራ። በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ማለት በሰከንድ 10 ሜጋ ባይት ማለት አይደለም። አንድ ባይት ስምንት ቢት ስለሆነ፣ የእርስዎ መስመር ሙሉ ጉልበቱን ቢያወጣ በሰከንድ የሚያመጣው 1.25 ሜጋ ባይት ነው። ኮምፒውተርዎ ፋይል ሲያወርድ «በሰከንድ 1.1 ሜጋ ባይት» ቢልዎ የከፈሉበትን እያገኙ ነው። በዚህ ቁጥር የተነሣ ብዙ ሰው ያልተበደለውን ሲያማርር ሰምቻለሁ። ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ 5 ሜጋ ቢት ያህል እንደሚፈልግም ይያዙልኝ። ሳሎን ውስጥ ቴሌቪዥኑ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ልጅዎ በአንድ ጊዜ ቪዲዮ ከከፈቱ መስመርዎ ሞልቷል።

አሁን መንገዱን ሦስት ቦታ እንክፈለው። የመጀመሪያው ከስልክዎ እስከ ራውተሩ፣ ማለትም ዋይፋዩን እስከሚያሰራጨው ሣጥን ድረስ ያለው ነው፤ የቤትዎ ዋይፋይ ማለት ነው። ሁለተኛው ከራውተሩ ተነሥቶ በፋይበሩ በኩል እስከ አቅራቢው ማዕከል ይሄዳል። ሦስተኛው ከማዕከሉ እስከ ዓለም ነው። «ኢንተርኔቱ ደከመ» ስንል ከሦስቱ የትኛው እንደደከመ አልተናገርንም፤ መድኃኒታቸው ደግሞ ፈጽሞ የተለያየ ነው። ዋይፋዩ ለታመመ ቤት ከፍ ያለ ፓኬጅ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። ማዕከሉ ለተጨናነቀበት ቤት አዲስ ራውተር መግዛትም እንዲሁ።

ዛሬ ማታ በ3 ሰዓት ላይ የሚያደርጉት ይህ ነው። ላፕቶፕ ይፈልጉ፤ ከሌለዎት ከጎረቤት ይዋሱ። ከራውተሩ ጀርባ ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ የኔትወርክ ገመድ ሰክተው ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙ። የላፕቶፑን ዋይፋይ ያጥፉ። ከዚያም በራውተሩ ገጽ ላይ፣ ማለትም በላፕቶፑ በሚከፈተው የራውተሩ ማስተካከያ ገጽ፣ የቤቱን ዋይፋይ በሙሉ ያጥፉ፤ አንዳንዱ ራውተር ለዚህ የሚሆን ቁልፍ ጎኑ ላይ አለው። ይህን ማድረግ የሚያስፈልገው በቤቱ ውስጥ መስመሩን የሚጠቀም ሌላ ምንም ነገር እንዳይኖር ነው። አሁን በማንኛውም የፍጥነት መለኪያ ገጽ ሦስት ጊዜ ይለኩ። ከሦስቱ ቁጥሮች፣ ማለትም ከማውረጃው፣ ከመላኪያውና ፒንግ ከሚባለው፣ አንዱንም ሳይዘሉ ይጻፉ። ፒንግ የሚለካው በሚሊ ሰከንድ ነው፤ የላኩት ጥያቄ ሄዶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ነው። ለድምፅና ለምስል ንግግር ከፍጥነቱ ይልቅ ይህ ቁጥር ይበልጣል።

በዚህ ሁኔታ 9 ወይም 9.5 ሜጋ ቢት ካገኙ የድርጅቱ መስመር ማታም ደኅና ነው፤ ችግሩ እቤት ነው። 2 ወይም 3 ካገኙ ችግሩ ከበርዎ ውጭ ነው።

እቤት ነው እንበል። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ከሄድኩባቸው የ«ማታ ብቻ» ቅሬታዎች ብዙዎቹ የተፈቱት እዚህ ነውና። አንድ ጊዜ ቦሌ አራብሳ አንድ ቤት ተጠራሁ። እናትየው ቡና አፍልተው ይጠብቁኝ ነበር። እኔም አውቄ የሄድኩት ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ላፕቶፔን በገመድ ሰክቼ ወደ ማዕከሉ የሚሄደውን ፒንግ በተከታታይ ከፍቼ አየሁ፤ 9 ሚሊ ሰከንድ፣ 9፣ 10፣ 9። በ2 ሰዓት ከ20 ገደማ የመጀመሪያው ልጅ ገባ። ጫማውን ሳያወልቅ ቁጥሩ 140 ሆነ። ሁለተኛው ተከተለ። ታላቅየው የሠርግ ቪዲዮ የሚያነሣ ነበር፤ እሱ በሩን ዘግቶ ሲቀመጥ ቁጥሩ ከ600 አለፈ። ከሦስቱ አንዱም ስልኩን ከኪሱ አላወጣም። ስልኮቹ የቤቱን ዋይፋይ ሲያገኙ የዋሉበትን ፎቶና ቪዲዮ በራሳቸው በኢንተርኔት ላይ ወዳለ ማከማቻ መላክ ጀምረው ነበር። የታላቅየው ስልክ የቅዳሜን ሠርግ ተሸክሞ ነው የገባው።

መላክ ለምን መቀበልን ያንቃል? ቪዲዮ ሲያዩ መረጃው የሚመጣው በትናንሽ ጥቅል ነው፤ ለደረሰው ጥቅል ደግሞ መሣሪያዎ «ደርሶኛል» የሚል ደረሰኝ ይመልሳል። ላኪው ደረሰኙን ሳያይ ብዙ ርቆ አይልክም። የመላኪያው መንገድ በሠርግ ቪዲዮ ከተሞላ ደረሰኞቹ ከኋላ ተሰልፈው ይቆማሉ። ማውረጃው ባዶ ሆኖ ሳለ ቪዲዮው ይቆማል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እርስዎ የጻፉት ምልክት ይህንኑ ይመስላል፤ ለዚህ ነው አጥብቄ የምጠረጥረው።

መፍትሔው ሁለት ነው። በየስልኩ ገብታችሁ ፎቶን በራሱ የሚልከውን አገልግሎት በዋይፋይ ላይ ማታ እንዳይሠራ አድርጉት፤ ከተቻለ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ይሁን። ሁለተኛውና የሚሻለው፣ ራውተሩ የሚፈቅድ ከሆነ የመላኪያውን ጣሪያ ከመስመሩ አቅም ከ85 እስከ 90 በመቶ ላይ መገደብ ነው። ትንሽ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ሰልፉ ግን አይጠራቀምም። በአራብሳው ቤት ይህንን አድርገን ሦስቱም ልጆች እየተጠቀሙ ፒንጉ ከ30 በታች ቆየ። እናትየው ያንኑ ማታ ከውጭ አገር ወንድማቸው ጋር ሲያወሩ እኔ ገና ዕቃዬን እየሰበሰብኩ ነበር።

ለጎረቤት የይለፍ ቃል ስለ መስጠትም መናገር አለብኝ፤ ሰው ይህንን ሊነግረኝ ያፍራል። በኮንዶሚኒየም ኑሮ «የዋይፋይ ቁጥር ስጪኝ» ሲባል እምቢ ማለት ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔም ሰጥቻለሁ። ነገር ግን የሰጡት ለአንድ ልጅ ቢሆንም እሱ ለጓደኛው፣ ጓደኛው ለእህቱ ይሰጣል። በራውተሩ ገጽ ላይ የተገናኙ መሣሪያዎች ዝርዝር አለ። ይክፈቱና ይቁጠሩ። አምስት ሰው ባለበት ቤት አሥራ ዘጠኝ መሣሪያ አይቼ አውቃለሁ። ጎረቤትን ማስቀየም ሳያስፈልግ ብዙ ራውተሮች «የእንግዳ ኔትወርክ» የሚባል ሁለተኛ ስም መክፈት ያስችላሉ፤ ለእሱ የተወሰነ ፍጥነት ሰጥተው የዋናውን የይለፍ ቃል ይቀይሩ። በሣጥኑ ሥር ተለጥፎ የመጣውን የይለፍ ቃል እስካሁን የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ይቀይሩት።

ከዚያ ቀጥሎ የአየሩ መጨናነቅ ነው። 2.4 ጊጋ ኸርትዝ በሚባለው ሞገድ ላይ ሳይደራረቡ ሊሠሩ የሚችሉት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። በአንድ ብሎክ ውስጥ ሃያ ሠላሳ ራውተር ማታ በአንድ ጊዜ ሲነሣ እነዚህን ሦስቱን ይሻማል። ራውተርዎ 5 ጊጋ ኸርትዝ ካለው ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን ወደዚያ ያዛውሩ። ቻናሉ ብዙ ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ግን ይደክመዋል፤ ስለዚህ ራውተሩ ያለበት ቦታ ወሳኝ ይሆናል። ቴክኒሻኖች ገመዱ በገባበት አጠገብ፣ አብዛኛውን ጊዜ በር ጥግ ወይም ከቴሌቪዥኑ ኋላ ሰቅለውት ይሄዳሉ። ከቡፌው ጀርባ፣ ከብረት በርና ከማቀዝቀዣ ራቅ አድርገው ቤቱ መሐል ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያድርጉት። የኔትወርክ ገመድ ርካሽ ነው፤ ቴሌቪዥኑን በገመድ ቢያገናኙት የዋይፋዩን ትልቁን ሸክም አወረዱለት ማለት ነው።

አሁን ደግሞ በገመድ፣ ዋይፋዩ ጠፍቶ፣ ማታ 2 ሜጋ ቢት ብቻ አገኙ እንበል።

ብዙ ሰው «ጎረቤቶቼ ፋይበሩን ተጋሩኝ» ይላል። መጋራቱ እውነት ነው። ወደ ቤት በሚገባው በተለመደው የፋይበር ሥርዓት አንድ ክር ከማዕከሉ ይወጣና በማከፋፈያ ሣጥን ውስጥ ለ32 ወይም ለ64 ቤት ይከፈላል። ነገር ግን ያ ክር በሰከንድ 2.5 ጊጋ ቢት፣ ማለትም 2,500 ሜጋ ቢት ያህል ያወርዳል። ለ64 ቤት እኩል ቢካፈል፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢጠቀም እንኳ ለእያንዳንዱ ወደ 39 ሜጋ ቢት ይደርሰዋል። እርስዎ የገዙት 10 ነው። ስለዚህ በዚያ ክር ላይ የጎረቤት ብዛት 10 ሜጋ ቢትዎን ወደ 2 ሊያወርድ አይገባውም። ማታ ማታ የሚጠበው ከዚያ በላይ ያለው ነው፤ ብዙ ሰፈር የሚሰበስበው የማዕከሉ መውጫ መስመር ወይም ከእሱ የሚቀጥለው። እሱን ማስፋት የድርጅቱ ሥራ ነው፤ እርስዎ ራውተር ቢቀይሩ፣ ፓኬጅ ቢያሳድጉ አይሰፋም። ጠባብ በር ላይ ቆሞ ሰፋ ያለ ልብስ እንደመልበስ ነው።

የተጎዳ ፋይበር ሌላ ጠባይ አለው። ፋይበሩ በበር ሥር ከተጨፈለቀ ወይም በምስማር ጥግ ላይ አለቅጥ ከታጠፈ ብርሃኑ ይፈስሳል። ያ ግን ማታን መርጦ አይመጣም፤ ጠዋትም ቀንም ያስቸግርዎታል። ፋይበሩ የገባበት ሣጥን ላይ «ሎስ» (LOS) ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ቀይ መብራት ከበራ ብርሃኑ ጨርሶ አልደረሰም ማለት ነው። ቴክኒሻን ሲመጣ የሚደርሰውን የብርሃን ኃይል ቁጥር ይጠይቁትና ይጻፉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ነው፤ ከኔጌቲቭ 27 (-27) ወደ ታች ከወረደ መሣሪያው መሳት ይጀምራል። እስከ ኔጌቲቭ 25 (-25) ድረስ ደኅና ነው። በስልክ የመዳብ ሽቦ የሚመጣ ኢንተርኔት ያላችሁ ደግሞ ርቀቱ ራሱ ፍጥነቱን ይበላዋል፤ ከማዕከሉ ወይም ከሰፈሩ ካቢኔ ጥቂት ኪሎ ሜትር ከራቃችሁ ከፍ ያለ ፓኬጅ ሽቦው አይሸከመውም።

ስለ መብራት መጥፋት ባይጠይቁም ልጨምር። በፋይበሩ ሥርዓት ከማዕከሉ እስከ ቤትዎ መሐል ላይ ያለው ማከፋፈያ ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መስታወት ብቻ ነው። ስለዚህ ለራውተሩ ትንሽ ባለ 12 ቮልት መጠባበቂያ ባትሪ ከገዙ፣ ማዕከሉ ኃይል እስካለው ድረስ መብራት በጠፋበት ማታም ይሠራልዎታል። ከመግዛትዎ በፊት የራውተሩን ቻርጀር ቮልትና አምፔር ገልብጠው ያንብቡ።

ጀርመን ካሉት እህትዎ ጋር ስለሚያደርጉት ንግግር የሚከተለውን ይወቁ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ አውሮፓ የሚሄደው መረጃ በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ወደ ባሕር ሥር ገመድ ይወርዳል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደርሶ መልሱ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ስለዚህ ወደዚያ ከ100 በላይ ፒንግ ቢያዩ ማንም አልበደለዎትም፤ በዚህ ቁጥር ንግግር ደኅና ይካሄዳል። የሚያስቸግረው ቁጥሩ ከ120 ወደ 700 ሲዘል፣ ተመልሶ ሲወርድ፣ እንደገና ሲዘል ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ሥር የተዘረጉ ገመዶች በተቆረጡ ጊዜ ከአንድ በላይ አህጉር ችግሩ ተሰምቶት ነበር። እንዲህ ያለው ቀን ሲያጋጥም ግን ቀኑን ሙሉ ነው፤ ከ2 እስከ 5 ሰዓት ብቻ አይሆንም።

ሁለተኛውን ክፍል ከሦስተኛው ለመለየት ኮምፒውተር ላይ ትሬስ ሩት የሚባል ትእዛዝ አለ፤ መረጃው የሚያልፍባቸውን ጣቢያዎች በየተራ፣ ከነፒንጋቸው ያሳያል። መልሱ መስመር በመስመር ይወጣል። የመጀመሪያው መስመር የራስዎ ራውተር ነው። ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ የአቅራቢው ማዕከል ነው። ጠዋት ሁለተኛው መስመር ላይ 8 ያየ ሰው ማታ እዚያው ላይ 200 ካየ፣ እቤትም ባሕር ላይም አይፈልግ፤ ጭንቅንቁ ያለው እዚያው ነው።

ይህንን የማውቀው በራሴ ቤት ስለደረሰብኝ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ባለሙያ ሆኜ እያለሁ አራት ጊዜ ደውዬ አራቱንም ጊዜ «አጥፍተው ያብሩት» ተባልኩ። ተናድጄ ነበር፤ ንዴቴ ግን አንድ ሜጋ ቢት አልጨመረልኝም። ከዚያ በልጄ የሒሳብ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ሠንጠረዥ አሰመርኩ። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት፣ ማታ 3 ሰዓት፣ ለሦስት ሳምንት በገመድ ለካሁ። ጠዋት ሁልጊዜ 9 ከምናምን፣ ማታ ሁልጊዜ ከ3 በታች። ያቺን ገጽ ፎቶ ኮፒ አድርጌ ቅርንጫፍ ቢሮ ሄድኩ። ወረቀቷን ያየው ሠራተኛ ስለ ራውተሬ አንድም ጥያቄ አልጠየቀኝም፤ ቀጥታ ለኔትወርክ ክፍሉ ደወለ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን የሰፈራችን መውጫ ሰፋ። ከእኔ ጋር መላው ሰፈር ተጠቀመ።

ስለዚህ እርስዎም ለሰባት ቀን እንዲሁ ያድርጉ። ሲደውሉ የጥሪ ማዕከሉ ሠራተኛ የቅሬታ መዝገብ ቁጥር እንዲሰጥዎ ሳይጠይቁ ስልኩን አይዝጉ፤ ቁጥር የሌለው ቅሬታ ነገ «አልደወሉም» ይባላል። የስልኩ ላይ ሠራተኛ ፊቱ የተጻፈለትን ነው የሚጠይቅዎ፤ አይቆጡት። ራሱ ወደ ላይ የሚያስተላልፈው ነገር በእጁ ይስጡት። በጽሑፍ ሲያቀርቡ ደግሞ እንዲህ አጠር ይበል፦

«የውል ቁጥሬ ይህ ነው። የገዛሁት በሰከንድ 10 ሜጋ ቢት ነው። ዋይፋይ ጠፍቶ፣ አንድ ኮምፒውተር ብቻ በገመድ ተገናኝቶ ለሰባት ተከታታይ ቀናት ለክቻለሁ። ጠዋት በአማካይ ይህን ያህል፣ ማታ በ3 ሰዓት በአማካይ ይህን ያህል አግኝቻለሁ። ወደ ማዕከሉ ያለው የምላሽ ጊዜ ከጠዋት ይህን ያህል ወደ ማታ ይህን ያህል ከፍ ይላል። ከዚህ በፊት በእነዚህ የመዝገብ ቁጥሮች አመልክቻለሁ። ቴክኒሻን የሚላክ ከሆነ ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ እንዲላክልኝ፣ የሰፈሩ መውጫ መስመር የማታ ጭነትም እንዲመረመር እጠይቃለሁ።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር እንዳትቀር። «ፍጥነት የለም» የሚል ሰው ቴክኒሻን ይላክለታል፤ «የመውጫውን ጭነት መርምሩ» ያለ ሰው ጉዳዩ ወደ መሐንዲስ ይሄዳል። ድርጅቱ በቂ ጊዜ ተሰጥቶት ዝም ካለ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ። በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመ ተቆጣጣሪ ነው፤ የተጠቃሚን መብት ማስጠበቅ አንዱ ሥራው ነው። እዚያ ሲሄዱ ግን መጀመሪያ ለአቅራቢው ማመልከትዎን የሚያሳይ ወረቀት ይዘው ይሂዱ።

አቅራቢ ልቀይር ስላሉት፦ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ሥራ ከጀመረ ወዲህ ምርጫ መኖሩ ጥሩ ነው፤ ደንበኛ መሄጃ ሲኖረው ይደመጣል። ነገር ግን በሞባይል ኔትወርክ የሚሠራ የቤት ኢንተርኔት፣ የየትኛውም ድርጅት ይሁን፣ የማማውን አቅም በሰፈሩ ካለው ስልክ ሁሉ ጋር ይጋራል፤ ማታ ደግሞ ሰው ሁሉ እቤቱ ነው። መሣሪያ ከመግዛትዎ በፊት የዚያን ድርጅት ሲም ካርድ ስልክዎ ውስጥ ከተው በራስዎ ሳሎን ውስጥ፣ በማታው 3 ሰዓት፣ ሦስት ቀን ይለኩ። የሲሙ ዋጋ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ከፍ ያለው ፓኬጅ የሚጠቅምዎት ደግሞ በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ በገመድ ማታም ሙሉ 10 እያገኙ፣ ስልኮቹንም አስተካክለው፣ ለቤተሰቡ 10 ራሱ ካነሰ።

ዛሬ ማታ ከ2 ሰዓት በፊት ገመዱን ያዘጋጁ። የሦስቱን ልኬት ቁጥር፣ የትሬስ ሩቱን የመጀመሪያ ሦስት መስመሮች፣ በራውተሩ ላይ ያገኙትን የመሣሪያ ብዛት ጽፈው ይላኩልኝ። የውል ቁጥርዎንና የይለፍ ቃልዎን ግን አይላኩ፤ እኔም ሆንኩ ሌላ ማንም አያስፈልገንም። ቁጥሮቹን ካየሁ በኋላ ከሦስቱ ክፍሎች የትኛው ላይ እንደምንሠራ እነግርዎታለሁ።